የከበደ ወልደ ልጆች

ባለፈው ወር ለዕረፍት አገር ቤት ልንሄድ አውሮፕላን ማረፊያ ቆመን ሳለ፣ ሻንጣ የምትመዝነው ልጅ ስክሪኗ ላይ ስማችንን አየችና፣ ወንድምና እህት ናችሁ አይደል አለችን በእንግሊዝኛ። መልስም አልጠበቀች። አውሮፕላኑ ሞልቷል፣ አንዳችሁ አሥራ አራተኛው ረድፍ፣ አንዳችሁ ሠላሳ አንደኛው ረድፍ ትቀመጣላችሁ፣ መቼም ወንድምና እህት ለአራት ሰዓት ቢለያዩ አይነፋፈቁም ብላ ፈገግ አለች። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ የሚያዝ ሆድ ደግሞ አላጣሁም። ባለቤቴ ዘነበች ግን አልሳቀችም። የእጅ ሻንጣዋን ጠረጴዛው ፊት ለፊት አጋደመችና ላዩ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ይህን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት እዚሁ ዶሃ፣ አንድ የብረት በር ሥር አይቼዋለሁ። ልጅቷን፣ እህቴ፣ የማን ፊት እንደቆምሽ አላወቅሽም ልላት ፈልጌ ነበር፤ ግን ከኋላችን ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀምሯል። እናንተ እንኳን ሰልፍ ላይ አይደላችሁም፤ ለእናንተ ላውራችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቶቻችን ነው። የእኔ አባት ከበደ ይባላል። የእሷም አባት ከበደ ይባላል። ዝምድና የላቸውም፤ የእኔው ደብረ ብርሃን በግ ይነግድ የነበረ፣ የእሷው ናዝሬት መጋዘን ይጠብቅ የነበረ፣ በሠርጋችን ቀን የተያዩ ሰዎች ናቸው። ያን ቀን ውለው እስኪያመሹ «ሞክሼ፣ ሞክሼ» ሲባባሉ እኛን ሙሽሮቹን ረስተውን ነበር። በእነሱ ዘመን ከበደ መባል ቀላል ነው፤ የከበደው የሁለት ከበደ ልጆች ተጋብተው ዓረብ አገር መሄዳቸው ነው። አያቶቻችን እንኳን ይለያዩናል፤ የእኔ ወልደሚካኤል፣ የእሷ ወልደማርያም። ግን የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ ኢቃማ የሚባለውን፣ የሞላልን ሰውዬ ፎርሙ ላይ ያገኘው ሳጥን አጭር ነው። ሰውዬው ወልደ ድረስ ጻፈና ሳጥኑ አለቀ። ሚካኤልም ማርያምም ውጭ ቀሩ። እኛም ሁለታችን የከበደ ወልደ ልጆች ሆነን ወጣን። ወልደ ማለት የእገሌ ልጅ ማለት ነው፤ እገሌ ማን እንደሆነ ሳጥኑ አልተናገረም።

ስንመጣ ከተጋባን ስድስት ወራችን ነው። እኔ አንድ ቢሮ ውስጥ ሻይ የማመላልስ፣ ወረቀት ከፎቅ ወደ ፎቅ የማደርስ ሆንኩ። ሥራው በዓረብኛ ፈራሽ ይባላል። ደስ ብሎኝ ለእናቴ ስልክ ደወልኩና «እማዬ፣ ፈራሽ ሆኛለሁ» ስላት ቤቱ ውስጥ ለቅሶ ተነሳ። በአማርኛ ፈራሽ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ክረምት የሚጠብቅ ግድግዳ ነው። ማስረዳት ስጀምር የስልክ ካርዱ አለቀ፤ ያኔ ካርዱን በሳንቲም ፍቀን ነበር የምንደውለው። እናቴ ለሁለት ሳምንት ልጇ ፈርሶ የቀረ መስሏት ከረመች። ዘነበች ደግሞ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ሆና ገባች፤ ማደሪያዋም እዚያው። ፎርሟ ላይ ያላገባች ተብሎ ነው የተሞላው፤ ማን እንደሞላው ዛሬም አናውቅም፤ አታውሩ ተባልን፣ አላወራንም። የቪላው እመቤት፣ ማዳም የምንላት፣ ከእሷ በፊት የነበረችው ሠራተኛ አግብታ ጥላት ስለሄደች፣ ባል ያላት ሴት ቤቴ አትገባም ብላ ምላ ነበር። እንግዲህ ዘነበች ባል እንዳላት ከታወቀ ትኬቷ ተቆርጦ ወደ አገር ቤት፣ እኔ እዚህ። ጣጣችን ይኸው ነበር።

ዛሬ ዶሃ የመጣ ሰው የዚያን ጊዜውን ብነግረው አያምነኝም። ሜትሮ የለም። ታክሲው ብርቱካናማ ነበር፣ ወንበሩ ላይ የተነጠፈው ፕላስቲክ በበጋ ሱሪ ላይ ይጣበቃል፣ ስትወርድ ድምፅ ያወጣል፣ ሹፌሩም ዞር ብሎ ያይሃል፣ አንተም ወንበሩ ነው ትላለህ። ዛሬ መብራት የቆመበት መንገድ ሁሉ ያኔ ደዋር፣ ማለትም አደባባይ ነበረው፤ አቅጣጫ የምንነጋገረው በደዋር ነው፤ ከሁለተኛው ደዋር ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ዘንባባው ከደረቀው ቪላ ቀጥሎ። ካራክ፣ ያ ሄል የበዛበት የወተት ሻይ፣ አንድ ሪያል ነው፤ መኪና ውስጥ ላለ ሰው ሩጠው ያመጡለታል፣ እኔን ግን መኪና ስለሌለኝ ራሴን ያስሮጡኛል። የምኖረው ፊሪጅ ቢን ማሕሙድ ነው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ለስድስት። አልጋዎቹ ፎቅና ምድር ናቸው፤ እኔ ምድር ነኝ፤ ከላዬ የሚተኛው ሰውዬ በተገላበጠ ቁጥር ዝገት ይዘንብብኛል። ዓርብ ዓርብ ግን ሸሚዝ ነበረኝ። ወይን ጠጅ ቀለም፣ ኮሌታው እንደ ጥንብ አንሳ ክንፍ የሰፋ፣ የሚያብለጨልጭ። ጫማዬ ደግሞ ሹል ነው፤ እግሬ ከደረሰ በኋላ ጫማዬ ገና ይሄዳል። ዛሬ ፎቶውን ሳየው ዘነበች ለምን አብራኝ እንደወጣች ይገርመኛል፤ እሷ ግን ያኔም አሁንም፣ ሸሚዙ ሳይሆን ሩጫህ ነበር ደስ የሚለኝ ትላለች። በእሷ ቤት ሙገሳ ነው።

የመጀመሪያው ዓርብ ልወስዳት በሩ ላይ ስቆም ማዳም ራሷ ወጣች። አንተ ማነህ አለች፤ ኢቃማህን አምጣ አለች። ሰጠኋት። የዘነበችንም አስመጣችና ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛ አየች። ከበደ ወልደ። ከበደ ወልደ። ፊቷ በራ። ወደ ዘነበች ዞራ በዓረብኛ፣ ወንድምሽ ነው አለቻት። ዘነበች ያኔ የምታውቀው ዓረብኛ ሦስት ቃል ነው፤ ያላ፣ ማለትም እንሂድ፤ ኸላስ፣ በቃ፤ ኢንሻአላህ፣ ፈጣሪ ከፈቀደ። ያላ ብትል አይገጥምም፣ ኸላስ ብትል የሚያስፈራ መሰላት፤ አንገቷን ደፋ አድርጋ «ኢንሻአላህ» አለች። ማዳምም ተቀበለች። እኔ እንደ ወንድም ጎንበስ አልኩ። ወንድም እንዴት ጎንበስ እንደሚል ባላውቅም አልኩ።

ከዚያ ወዲያ እኮ ነገሩ ተመቸን፤ ጥፋታችንም ያ ነው። ለባል የማይከፈት በር ለወንድም ወለል ይላል። ማዳም፣ ዘነበች ትንሽ ብታስል እኔን ታስጠራለች፤ ወንድሟ እያለ ሐኪም ቤት ብቻዋን አትሄድም። ሩዝ በሥጋ ታስቋጥርልኛለች። ወንድ ልጅ እህቱን እንዲህ ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም ብላ ለጎረቤት አውርታልኛለች አሉ። እኛ ደግሞ ዓርብ ጠዋት ታክሲ ውስጥ እንገባና አንድ ሜትር ተራርቀን እንቀመጣለን። ቪላው ከዓይን ሲሰወር፣ የመጀመሪያውን ደዋር ስንዞር፣ ዘነበች ወደ እኔ ጠጋ ትላለች። እዚያ ደዋር ላይ ነው ከወንድምነት ወደ ባልነት የምለወጠው። ጸሎት የምንሰበሰብበት ቤት ስንደርስ እንደማንኛውም ባልና ሚስት ነን፣ ስለ ትዳር ምስክርነት ሁሉ ሰጥተን እናውቃለን። ማታ ስንመለስ እዚያው ደዋር ላይ እንደገና እህቴ ትሆናለች። አንዴ እንቅልፍ ወስዶኝ ደዋሩን ሳላየው አለፍን፣ በሩ ላይ ሳምኋት። እንደ ዕድል ግንባሯን ነበር፤ ማዳም በመስኮት አይታ አለቀሰች አሉ፤ እንዲህ ያለ ወንድም።

ቪላው ውስጥ ሙሉጌታ የሚባል ያገራችን ልጅ ሹፌር ነበር። ረጅም፣ ንጹሕ፣ ዓረብኛው እንደ ዜና አንባቢ የሚፈስ፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የማያቋርጥ ጨዋ። ክፉ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ይቀለኝ ነበር። ቀስ በቀስ በር ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታው እየረዘመ መጣ። ካራክ ይጋብዘኛል። አንድ ቀን እንዲያውም በመኪናው ፊሪጅ ቢን ማሕሙድ ድረስ አደረሰኝ፤ እኔም ዕድሜ ለወንድምነት ብዬ እግሬን ዘርግቼ ሄድኩ። በሳምንቱ ጋሽ ሽፈራው መጡ። ጋሽ ሽፈራው ሠፈራችን ውስጥ ልብስ የሚተኩሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ዶሃን ገና አሸዋ ሳለች የሚያውቋት። ክፍላችን ወንበር ስለሌለው አልጋዬ ላይ ላስቀምጣቸው ብል እምቢ ብለው ቆሙ፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል አሉ። ልጃችን ሙሉጌታ ነው። ልጅህ ዘነበች ናት።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ሚስቱን ሽማግሌ የተላከበት ሰው ምን ይላል? እውነቱን ብናገር ሙሉጌታ የማዳም ሹፌር ነው፣ ወሬው በማግሥቱ ማዳም ጆሮ ይደርሳል፣ ዘነበች ትሳፈራለች። እምቢ ብል ምን አጥቶበት ይሉኛል፣ እንከን የለበትም። ከላዬ ያለው ሰውዬ አፉን በትራስ አፍኖ ይስቃል፣ ዝገቱ ይዘንባል። እኔም የቤተሰብ ወግ ትዝ አለኝ፤ ሽማግሌ መጀመሪያ ቀን መልስ አይሰጠውም፣ ቀጠሮ ነው የሚሰጠው። ቤተሰብ እንማከር፣ ለሳምንት ተመለሱ አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ ወግ የሚያውቅ ልጅ አሉኝ። በሳምንቱ መጡ፤ አጎታችን ገና አልሰማም፣ ለሳምንት አልኩ። በሦስተኛውም መጡ። ሙሉጌታ በዚህ መሃል «አማቼ» ይለኝ ጀምሯል። ከጎኑ ደግሞ ማዳም ገባችበት፤ ሁለት ሠራተኞቿ ተጋብተው እዚያው ቢቀሩላት ከዚያ የተሻለ ምን አለ? ግቢው ጥግ ያለችውን ሙልሃቅ፣ መታጠቢያ ያላትን የብቻ ክፍል፣ ለሙሽሮቹ ልሰጥ ነው ብላለች። እንግዲህ እኛ ስንት ሌሊት የተመኘነውን አንድ ክፍል ማዳም ለሚስቴና ለሌላ ሰው ልትሰጥ ነው።

ለዘነበች የነገርኳት ታክሲ ውስጥ ነው፣ ደዋሩ ላይ። መጀመሪያ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ። ከዚያ ቀጠሮውን ነገርኳት፤ ሳቋ ቆመ።

«ለኔ የመጣ ሽማግሌ ተቀብለህ ቀጠሮ ሰጠህ?»

«ጊዜ ለመግዛት ነው፣ ዘኒዬ።»

«ሦስት ጊዜ?»

ወግ ነው እኮ ብዬ ማስረዳት ስጀምር ወደ መስኮቱ ዞረች። በአራተኛው ቀጠሮ ልትድረኝ ነበር ማለት ነው አለች። ያን ቀን ደዋሩን ዞረን ስናበቃም አንድ ሜትር ተራርቀን ነበር።

አራተኛው ቀጠሮ ቪላው ውስጥ ሆነ፣ ማዳም ነች የጠራችን፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ። ጋሽ ሽፈራው ራሳቸው የተኮሱትን ኮት ለብሰዋል። ሙሉጌታ ከረባት አስሯል። እኔ ሸሚዜን። ማዳም የሙልሃቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ፣ ከቴምሩ ሳህን ጎን አስቀምጣዋለች። ነውሬን አልደብቃችሁም፤ ቁልፉን ሳየው ለአንድ አፍታ፣ እሺ ብዬ ብድራትና እኔም ወንድም ነኝ ብዬ አብሬያቸው ብገባስ ብዬ አስቤያለሁ። ፈራሽ ያሉኝ ወደው አይደለም። ያኔ ዘነበች የሻይ ትሪ ይዛ ገባች። ትሪውን አስቀመጠች፤ አልቀዳችም። ከሽርጧ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና ለማዳም ሰጠቻት። የጋብቻ ወረቀታችን ነው፤ ትራሷ ውስጥ ሰፍታ ነው ያኖረችው። ማዳም አማርኛ አታነብም፤ ፎቶ ግን ታያለች። ቬሎ የለበሰች ዘነበች፣ አበባ ሰክቶ የተገተረ እኔ። ማዳም አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እኔን አየች። እጇ ደረቷ ላይ ሄደ። እህትህን አገባህ አለችኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብለን አላሰብንም። ባል መሆኔን መደበቅ አንድ ነገር ነው፤ እህቱን ያገባ ሰው መሆን ሌላ። እኔ ሚካኤል፣ ማርያም፣ ሳጥን እያልኩ በሦስት ቋንቋ ተንተባተብኩ። ማዳም እየሸሸች ነው። በመጨረሻ ወረቀቱን ለሙሉጌታ ዘረጋችና አንብብ አለችው። ክፍሉ ውስጥ አማርኛውንም ዓረብኛውንም በደንብ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፤ ከረባት አስሮ እኔን አማቼ ሊል የመጣው። አንድ ቃል ቢያጣምም እኛ አልቀናል። ወረቀቱን ለራሱ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከረባቱን በአንድ ጣቱ ላላ አደረገና በዚያ በሚያምር ዓረብኛው ተናገረ፤ ከበደ ሁለት ነው፣ አያቶቹም ሁለት ናቸው፣ ይኸው ሙሉ ስማቸው፣ የቀጠፈው ፎርሙ ነው፤ ባልና ሚስት ናቸው። ጨርሶ ወረቀቱን አጥፎ ለዘነበች መለሰላት፣ በሁለት እጁ። ጋሽ ሽፈራው ወደ እኔ ዞሩ።

«ቀጠሮው ምን ያደርግ ነበር፣ ልጄ? እኔስ በዚህ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ስወርድ።»

ማዳም ከድንጋጤ ወጥታ ወደ ንዴት ገባች። ለዘነበች ያስተረጎመላት ሙሉጌታ ነው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፤ ወይ ይህ ሰው ሁለተኛ በሬን አይረግጥም፣ ወይ ትኬትሽን ቆርጬ ትሄጃለሽ። እኔ እሄዳለሁ፣ አልመለስም ልል አፌን ስከፍት ዘነበች ቀደመችኝ።

«ትቁረጥ በላት። ግን የሁለት ሰው ትቁረጥ። እኔ ከባሌ ጋር ነው የመጣሁት።»

ትኬት የቆረጠ የለም። እዚያው ቪላ ያለችው አሮጊቷ የማዳም እናት ከዘነበች እጅ ካልሆነ አትበላም፤ ማዳምም ይህን ታውቃለች፤ ዘነበችም ማዳም እንደምታውቅ ታውቃለች። በትኬቱ ፈንታ ዓርብ ተቆረጠ። ከእንግዲህ መውጣት የለም ተባለ። ሙሉጌታ ስልክ ደውሎ ነገረኝ፤ በቃ እንግዲህ አልኩት፣ ይብረድላት። አማቼ አለኝ፤ አሁንም አማቼ፤ ሚስትህ እንደ አንተ አታስብም፣ ዓርብ ጠዋት ወንበር ይዛ በሩ ሥር ልትቀመጥ ነው፣ አንተም ና ብላለች። እኔ ጀግና አይደለሁም። ያን ቀን የሄድኩት ማዳምን ከምፈራው ይልቅ ዘነበችን ስለምፈራ ነው።

ሥራዋን ጨርሳ፣ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ከበሩ በውስጥ በኩል ተቀምጣለች፤ በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ አየኋት። የብረቱ በር ሥር አራት ጣት ክፍተት አለ፤ ጫማዋ ይታየኛል። እኔ ከውጭ የቀለም ባልዲ ደፍቼ ተቀመጥኩ። ማዳም ከመስኮት ግቢ አለቻት፤ ዓርብ የእኔ ነው፣ ካልወጣሁ እዚህ ነኝ አለቻት፤ ዓረብኛዋ እስከዚያ ድረስ አድጓል። ካራክ ገዝቼ በክፍተቱ ሥር አሳለፍኩላት፤ ክዳኑ ነክቶ ግማሹ ፈሰሰ፤ ግማሹን ጠጣችው። ዓርባችንን እዚያው አሳለፍን። ለመዘመር ሞከርን፤ እኔ ዜማ ስስት ከወዲያ በር ትደበድባለች። የሚቀጥለው ዓርብም እንዲሁ። የጎረቤት ዘበኛ ጃንጥላ አዋሰኝ። በሦስተኛው ዓርብ ፀሐይዋ ሸሚዜን ከኋላ በኩል ሌላ ቀለም አድርጋዋለች፣ ባልዲው ላይ ተጣብቄያለሁ፣ ልክ ያን ጊዜ የማዳም ባል፣ ባባ የሚሉት፣ ከመስጊድ ተመለሰ።

ባባን እስከዚያ ቀን አነጋግሬው አላውቅም። መኪናውን አቆመ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገ፣ ማነህ አለኝ። ምላሴ ላይ ወንድሟ የሚለው ቃል ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ዓመት ሙሉ የሠራሁበት ቃል። በክፍተቱ ሥር የዘነበችን ጫማ አየሁ። አልተንቀሳቀሰም። ብድግ አልኩ፤ ባልዲውም ትንሽ አብሮኝ ብድግ ብሎ ወደቀ። ባሏ ነኝ ልለው ነው። ትክክለኛው ዞጅሃ ነበር። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ፣ ሠፈሩ እስኪሰማ፣ «አና ዞጃ!» አልኩ። ሚስት ነኝ ማለት ነው።

ባባ መነጽሩን አወለቀ። ሸሚዜን አየ፣ ሹል ጫማዬን አየ። ከዚያ በበሩ ላይ አሻግሮ ዘነበችን ጠራትና፣ ይህ ሰው ሚስትሽ ነው ሲል ጠየቃት። የዘነበች ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ተነሥታለች። ይህን ጊዜ ኢንሻአላህ አላለችም።

«አይዋ፣ ባባ» አለች። አዎ፣ ነው።

ሰውዬው መሪውን ተደግፎ እስኪደክመው ሳቀ፤ የራሱ ላይ ገመድ ወደ አንድ ጆሮው ወረደ። ከዚያ ወርዶ በሩን በገዛ እጁ ከፈተና ያላ አለ፣ በእጁ ወደ መንገዱ እያሳየ። ዘነበች ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ታክሲ ውስጥ ከመጀመሪያው ተጠግተን ተቀመጥን፤ ደዋሩን ስንዞር የምለውጠው ነገር አልነበረኝም።

ማዳም እስከ ጾማቸው ድረስ አኮረፈችኝ፤ ሩዙም ቀረ፣ ሙልሃቁም ዕቃ ተከመረበት። ዘነበች ውሏን ጨርሳ ወጣችና ፊሪጅ ቢን ማሕሙድ በኮምፖርሳቶ የተከፈለች ክፍል ተከራየን፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይማርህ የምንለው እኛ ነበርን። ዛሬ ያ ደዋር የለም፣ ነቅለውት መብራት ቆሞበታል፤ ቀይ ሲበራ እዚያ ቦታ ላይ ዘነበች ሁልጊዜ ጠጋ ትላለች። እኔም ፈራሽ አይደለሁም፤ የፈራሾች አለቃ ነኝ፣ እናቴ ይህን ስትሰማ ደግሞ አለቀሰች። ሙሉጌታ አገር ቤት ሄዶ አግብቶ ተመለሰ፤ ሽማግሌ ሆኜ የተላክሁት እኔ ነኝ፣ አንድም ቀጠሮ አልተሰጠንም። ባለፈው ወር አውሮፕላን ማረፊያ ያደረሰን እሱ ነው፤ ሻንጣ ሲያወርድ፣ በል አማቼ፣ እህትህን ጠብቅ ብሎኝ ሄደ።

እንግዲህ ያቺ ሻንጣ የምትመዝነው ልጅ ይህን ከየት ታውቀዋለች። ዘነበችን እመቤቴ፣ ይነሡ አለቻት። ዘነበች ከሻንጣዋ ላይ ሆና፣ ባሌ ነው፣ ጎኔ ነው የሚቀመጠው፣ እስኪገኝ እጠብቃለሁ አለች፤ እኔም ሻንጣዬን አጋደምኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴ እየጮኸ። ሰልፉ አጉረመረመ፤ ያጉረምርም። አለቃዋ ተጠራች፣ ስክሪን ተነካካ፣ ስልክ ተደወለ። በመጨረሻ ሁለት ወንበር ተገኘ፤ የመጨረሻው ረድፍ፣ ሽንት ቤቱ ጎን፣ ወደኋላ የማይል ወንበር፣ ፈቃደኛ ከሆናችሁ ተባልን። ዘነበች ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

አውሮፕላኑ ሲነሣ የዶሃ መብራት ከሥራችን ወደ ጎን አጋደለ። ከጎናችን ውሃ ይለቀቃል፣ በር ይከፈታል፣ በር ይዘጋል። ዘነበች ጫማዋን አወለቀች፣ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ከዚያች ዓርብ ጀምሮ ደስ ሲላት የምትጠራኝ ስም አላት፤ ዓይኗን እንደጨፈነች በዚያ ስም ጠራችኝ።

«ሚስቴ፣ መስኮቱን ዝጊልኝ።»

ዘጋሁላት።